«እምቢ» ያለችን ማክበር

በረመዷን ከሐላል ምግብ እንኳ እጃችንን እንሰበስባለን። ታዲያ «አላገባህም» ባለች እህት ፊት ላይ አሲድ የሚደፋ እጅ ከየት መጣ?

በሪራ ከባርነት ነፃ ስትወጣ ከባሏ ከሙጊስ ጋር የመኖር ወይም የመለየት ምርጫ ተሰጣት። መለየትን መረጠች። ሙጊስ እንባው ጢሙ ላይ እየወረደ በመዲና መንገዶች ተከተላት። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) አዝነውለት እንድትመለስ አማለዱ። ትእዛዝ እንደሆነ ጠየቀቻቸው፤ ምልጃ ብቻ መሆኑን ሲነግሯት አልተመለሰችም። ማንም አላስገደዳትም። እርሳቸው ያከበሩትን እምቢታ ለመጣስ እኛ ማን ነን?

ሕግም ያስፈልጋል። አብዛኛው ሕዝቧ ሙስሊም የሆነው ባንግላዴሽ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2002 የአሲድ ሽያጭን በፈቃድ የሚገድብ፣ አጥፊውንም እስከ ሞት የሚያስቀጣ ሕግ አወጣች። ከዚያ ወዲህ ጥቃቱ በእጅጉ ቀንሷል።

የቤታችን ድርሻ ግን ከሕግ ይቀድማል። ወንድ ልጃችን እምቢታን በሰላም መቀበልን ከእኛ ይማር። ሴት ልጃችን «ይከታተለኛል፣ ይዝትብኛል» ስትል «ዝም በይ፣ ስማችን ይጠፋል» አንበላት፤ እንመናት፣ ለፖሊስ እናመልክት። ሽማግሌዎችም ወንጀልን በእርቅ አይሸፍኑ። የባትሪ አሲድ የምትሸጡ ነጋዴዎች፣ ገዢው ለምን እንደሚፈልገው ጠይቁ።

አደጋው ከደረሰ አሲድ የነካውን ልብስ በጥንቃቄ አውልቃችሁ፣ ሰውነቷን ቢያንስ ለ20 ደቂቃ በሚፈስ ንጹሕ ውኃ እጠቡ፤ ቅባት አትቀቡ፤ ፈጥናችሁ ሐኪም ቤት አድርሷት።

ዛሬ ከኢፍጣር በኋላ ልጆቻችሁን ሰብስቡና የበሪራን ታሪክ ንገሯቸው። በተለይ ወንዶቹን።