ጌም መሥራትና ጌም ማኖር

በናይሮቢ ሁርሊንግሃም የሚባለው ሰፈር በኢትዮጵያውያን ዘንድ የሚታወቀው በአብዛኛው በሀበሻ ምግብ ቤቶቹ ቢሆንም፣ ከዚያው ብዙም ሳይርቅ በንጎንግ መንገድ ላይ በ2010 የተከፈተው አይሀብ የተባለ የቴክኖሎጂ ማዕከል ለኬንያ ወጣት የሶፍትዌር አበልጻጊዎች መገናኛ በመሆኑ አካባቢው ሌላም ስም አትርፏል (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታትና ወራት በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። በራሳቸው ወጪ፣ ብቻቸውን ወይም ከሁለት ከሦስት ባልደረቦች ጋር፣ ትንንሽ ጌሞችን የሚሠሩ ሰዎች ጉዳይም ከዚሁ ታሪክ ጋር የተያያዘ ነው።

ኬንያዊው ዌስሊ ኪሪንያ በ2007 ገደማ «የኒያንጊ ገድሎች» የተባለውን ጌም ለኮምፒውተር ሲሠራ፣ ሥሪዲ የሚባለውን፣ ማለትም ምስሉ ጥልቀት ያለው ሆኖ የሚታየውን አሠራር ነበር የመረጠው። ከሁለት ዓመት በኋላ ከጋናዊው ኤይራም ታዊያ ጋር ሌቲ አርትስ የተባለውን የጌም ኩባንያ መሠረተ። በዚያን ጊዜ ትልቁ ፈተና መሣሪያው ነበር፤ ዛሬ ግን ጌም ኢንጂን የሚባለው፣ የምስሉን እንቅስቃሴ፣ ድምፁንና ነገሮች ሲጋጩ የሚሆነውን አስቀድሞ አዘጋጅቶ የሚያቀርብ ሶፍትዌር በነጻ ይገኛል። ከ2014 ጀምሮ ኮዱ ለሁሉም ክፍት የሆነው ጎዶት ለዚህ ምሳሌ ሲሆን፣ በጎግል ፕሌይ ላይ የአበልጻጊነት መዝገብ ለመክፈት የሚጠየቀውም አንድ ጊዜ ብቻ የሚከፈል 25 ዶላር ነው። በመሆኑም ጌም መሥራት ረክሷል፤ የከበደው ማኖሩ ነው።

ማኖር ሲባል መጀመሪያ የሚመጣው የክብደት ጥያቄ ነው። ኢንተርኔትን በጥቅል እየገዛ የሚጠቀምና የስልኩ ማከማቻ የሞላበት ተጫዋች፣ አንድን ጌም ለማውረድ የሚጠፋው እያንዳንዱ ሜጋባይት ከኪሱ የሚወጣ ገንዘብ ስለሆነ፣ ያለ ማውረድ በማሰሻ ውስጥ ሊንክ ተጭኖ የሚከፈተው ትንሽ ጌም ለእርሱ ከትልቁ የተሻለ ነው። በማሰሻ የሚሠሩ ጌሞች ለረጅም ጊዜ የተደገፉበት ፍላሽ የተባለው ሶፍትዌር በ2020 መጨረሻ ሲቋረጥ፣ ቦታውን የያዘው ኤችቲኤምኤል ፋይቭ የተባለውና በስልክም በኮምፒውተርም እኩል የሚሠራው የድረ ገጽ ቋንቋ ነው። እዚህ ላይ ድህነት የሚመስለው ነገር፣ ማለትም ምስል መቀነስና ድምፅ ማሳጠር፣ ትልልቆቹ ኩባንያዎች የማይደፍሩት ጥበብ ይሆናል።

ሁለተኛው ጥያቄ ተጫዋቹ ነገ ይመለሳል ወይ የሚል ነው። አበልጻጊዎች ጌሙን ካወረዱት ሰዎች ብዛት ይልቅ ከአንድ ቀንና ከሰባት ቀን በኋላ ተመልሰው የተጫወቱትን ድርሻ የሚቆጥሩት፣ ሳይመለስ የቀረ ሰው ማስታወቂያም ስለማያይ፣ ክፍያም ስለማይፈጽም ነው። ጆሽ ዋርድል በ2021 ለሕዝብ ያቀረበው ወርድል የተባለ የቃል ግምት ጨዋታ ኅዳር መግቢያ ላይ 90 ተጫዋቾች ብቻ ነበሩት፤ በ2022 ጥር መጀመሪያ ግን ከ300 ሺህ በላይ ደርሶ፣ በዚያው ወር መጨረሻ ኒው ዮርክ ታይምስ ገዛው። ያሳደገው ማስታወቂያ አልነበረም። በቀን አንድ ቃል ብቻ መስጠቱ ሰውን በማግስቱ ይመልሰዋል፤ ውጤቱን መልሱን በማያሳዩ ባለቀለም ሣጥኖች ለወዳጅ መላክ መቻሉ ደግሞ ተጫዋቹን ራሱን አስተዋዋቂ አድርጎታል።

ገንዘቡስ? የባንክ ካርድ የሌለው ወጣት በዶላር የሚከፈልበትን የጌም መደብር ቢያደንቀውም ሊገዛበት አይችልም። በኬንያ ይህን አጥር ያላላው በ2007 የተጀመረው ኤምፔሳ የተባለው በስልክ ገንዘብ የመላኪያና የመክፈያ አገልግሎት ሲሆን፣ በ2017 ደግሞ አገልግሎቱን የሚሰጠው ሳፋሪኮም ዳራጃ፣ ማለትም በስዋሂሊ «ድልድይ»፣ ብሎ የሰየመውን መገናኛ በመክፈቱ አንድ አበልጻጊ በጌሙ ውስጥ ጥቂት ሽልንግ ጠይቆ ተጫዋቹ በስልኩ ላይ የምስጢር ቁጥሩን ብቻ በማስገባት እንዲከፍል ማድረግ ችሏል። በኢትዮጵያ ቴሌብር በ2021፣ ኤምፔሳም በ2023 ሥራ ጀምረዋል፤ ዘግይቷል፣ ነገር ግን መንገዱ ያው ነው።

የሚቀረው ምን ዓይነት ጌም ይሠራ የሚለው ጥያቄ ነው። በአዲስ አበባ በዳዊት አብርሃም የተመሠረተው የጌም ኩባንያ ቅኔ ጌምስ፣ ከገበሬ የምታመልጠውን ዶሮ በሚያሳየው «ኩኩሉ» ከታወቀ በኋላ ፊቱን ወደ ገበጣ ማዞሩ ብልህነት ነው፤ ምክንያቱም የገበጣን ደንብ በባለቤትነት የያዘ ሰው የለም፣ ተጫዋቹም ጨዋታውን አስቀድሞ ያውቀዋል። ሪቻርድ ፓንክረስት በ1971 ስለ ኢትዮጵያና ስለ አፍሪካ ቀንድ ገበጣዎች ባሳተመው ጥናት እንደሚታየው፣ ደንቡ ከቦታ ቦታ ይለያያል፤ ረድፉ ሁለትም ሦስትም ሊሆን ይችላል። በኬንያ የሚዘወተረው፣ ባኦ የተባለው ተመሳሳይ ጨዋታ ደግሞ አራት ረድፍ፣ 32 ጉድጓድና 64 ፍሬ አለው። ለፕሮግራመር ልዩነቱ ጥቂት መስመር ኮድ መለወጥ ነው፤ አስቸጋሪው ደንቡን የሚያውቅ ሰው ማግኘት ነው። ስለዚህ በልጅነቱ በሰፈሩ ገበጣ የተጫወተ አንባቢ፣ ጠጠሩ ከየት ተነሥቶ እንዴት እንደሚዘራና መቼ እንደሚበላ በወረቀት ጽፎ ቢያስቀምጥ፣ የአንድን ወጣት ሥራ እኩሌታ ጨረሰለት ማለት ነው።