ማርሹ ከፓርክ አልወጣ ሲል

የኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ ዳገትና ቁልቁለት የበዛበት ነው። በየሰፈሩ ኮብልስቶን መንገድ ላይ ያደረውን አሮጌ አውቶማቲክ መኪና ማለዳ ሊያንቀሳቅስ የተነሣ አሽከርካሪ፣ ዘንጉ ከ«ፓርክ» ንቅንቅ አልል የሚልበት ጊዜ አለ። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ ሀገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ ነባሮቹ መኪኖች ዕድሜያቸው እየገፋ በመሆኑ ችግሩን ማወቁ ይጠቅማል።

አስቀድሞ የእጅ ፍሬን መያዝ፣ ጎማዎቹንም በቁልቁለቱ በኩል በድንጋይ ታኮ ማድረግ ይገባል። በመኪናው ፊትና ኋላ ሰው አይቁም። ማርሹ ወደ ፎሌ ሲገባ መኪናውን የሚይዘው ፍሬኑና ታኮው ብቻ ነውና ይህ የሚዘለል ነገር አይደለም።

ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ኤሌክትሪክ ነው። ዘንጉን የሚይዝ መቆለፊያ አለ፤ የሚለቀውም ቁልፉ በርቶ የእግር ፍሬን ሲረገጥ ነው። ባትሪ ከሞተ፣ ፊውዝ ከተቃጠለ ወይም በፍሬን ፔዳሉ ላይ ያለው ማብሪያ ከተበላሸ መቆለፊያው አይለቅም። ፍሬን ተረግጦ የኋላው የፍሬን መብራት የማይበራ ከሆነ ጥርጣሬው ወደ ፊውዙና ወደ ማብሪያው ይሄዳል።

በበርካታ መኪኖች፣ ቶዮታ ቪትዝና ኮሮላን ጨምሮ፣ ከዘንጉ አጠገብ «ሺፍት ሎክ» የሚል ጽሑፍ ያለበት ትንሽ ክዳን ወይም ቁልፍ ይገኛል። ክዳኑን ጫፉ በጨርቅ በተጠቀለለ ካቻቢቴ ፈንቅሎ፣ ውስጡን ወደ ታች ተጭኖ፣ እግርን ከፍሬን ሳያነሡ ዘንጉን ወደ ፎሌ መሳብ ይቻላል። የመኪናው ቁልፍ መሪውን እስኪለቅ ድረስ መዞር አለበት።

ሁለተኛው ምክንያት ክብደት ነው። በካምቢዮው ውስጥ ያለች የብረት ጥፍር ጥርስ ባለው ቀለበት ውስጥ ገብታ መኪናውን ትይዛለች። አሽከርካሪው የእጅ ፍሬን ሳይዝ ዳገት ላይ ፓርክ ካስገባ የመኪናው ክብደት በሙሉ በእሷ ላይ ያርፋል። ያን ጊዜ ዘንጉን በጉልበት መጎተት ኬብሉን ይበጥሳል እንጂ አያላቅቅም። አሽከርካሪው መሪ ላይ ሆኖ ፍሬኑን ለአፍታ ሲለቅ፣ ሰዎች ከጎን ሆነው መኪናውን ወደ ዳገቱ ጥቂት ቢገፉት ጥፍሯ ትላላለች። መልሶ ፍሬን ረግጦ ዘንጉን ማንቀሳቀስ ነው። ለወደፊቱ ቅደም ተከተሉን መቀየር ይበቃል፦ ፍሬን ተረግጦ ፎሌ፣ ከዚያ የእጅ ፍሬን፣ በመጨረሻ ፓርክ።

ዘንጉ እየተንቀሳቀሰ መኪናው ከፓርክ ካልወጣ ኬብሉ ተቆርጦ ሊሆን ስለሚችል ነገሩ የመካኒክ ነው።

ሞተሩ ጠፍቶ ፎሌ ላይ ያለ መኪና ፍሬኑ ከአንድ ሁለት ርግጫ በኋላ ይጠነክራል፤ መሪውም ይከብዳል። ረጅም መንገድ መጎተትም አይመከርም፤ የካምቢዮው ዘይት የሚዘዋወረው ሞተሩ ሲሠራ ነውና። በፊት ጎማ የሚነዳው መኪና ፊቱ ተነሥቶ ቢጎተት ይሻላል።