ልቀባው ወይስ ልተወው? የሽበት ሒሳብ በወር አንድ ሴንቲሜትር

ብዙ ሰው ስለ ሽበቱ ማሰብ የሚጀምረው መስታወት ፊት ቆሞ የመጀመሪያዎቹን ነጭ ፀጉሮች ሲያይ ነው። "ልቀባው ወይስ ልተወው?" ብሎም ራሱን ይጠይቃል። ጥያቄው አንዴ ተመልሶ የሚያልፍ ይመስላል፤ ግን አያልፍም። የራስ ፀጉር በወር በአማካይ አንድ ሴንቲሜትር ያህል ያድጋል፤ በጣም ከርዳዳ የሆነው ደግሞ ከዚያም ዝግ ይላል። ቀለም የሚይዘው ከቆዳ በላይ የወጣውን ፀጉር ብቻ ስለሆነ ዛሬ የተቀባ ራስ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ ነጭ ሥሩን ማሳየት ይጀምራል። ስለዚህ ለመቀባት የወሰነ ሰው ለዓመታት ደጋግሞ የሚመለስበትን ሥራ ተቀብሏል ማለት ነው። ገንዘቡም፣ ጊዜውም፣ የጤናው ጉዳይም መመዘን ያለበት በዚህ ድግግሞሽ ነው።

ከውሳኔው በፊት የሽበትን አመጣጥ ማወቅ ይጠቅማል። ፀጉር ከሚበቅልበት ሥር ሜላኒን የተባለውን ቀለም የሚያመርቱ ሕዋሳት አሉ። አንዱ ፀጉር ረግፎ ሌላው ሲተካ ቀለም አምራቾቹም ከተጠባባቂ ሕዋሳት ይታደሳሉ። ተጠባባቂዎቹ ሲያልቁ ወይም ሥራ ሲያቆሙ የሚበቅለው ፀጉር ቀለም አልባ ይሆናል። ጥቁር ሆኖ የወጣ ፀጉር ባለበት አይነጣም፤ ነጩ የሚመጣው ከሥር ነው። "በአንድ ሌሊት ሸበተ" የሚባለው ከዚህ አሠራር ጋር አይገጥምም። ሽበት ሲነቀል ይበዛል የሚባለውም ልክ አይደለም፤ አንዱን መንቀል ጎረቤቱን አይለውጠውም። ደጋግሞ መንቀል ግን ሥሩን ይጎዳል።

ሽበት መቼ እንደሚመጣ በአብዛኛው የሚወስነው ዘር ነው። በጥቅሉ አፍሪካውያን ከሌሎች ዘግየት ብለው፣ በአርባዎቹ አጋማሽ ገደማ ይሸብታሉ፤ ሐኪሞችም በአፍሪካውያን ላይ ሽበት ያለ ጊዜው መጣ የሚሉት ከ30 ዓመት በፊት ሲታይ ነው። ጭንቀትም ድርሻ ሳይኖረው አይቀርም። እ.ኤ.አ. በ2020 የሃርቫርድ ተመራማሪዎች በአይጦች ላይ ባደረጉት ጥናት፣ ከባድ ጭንቀት የሚያነቃቃቸው ነርቮች ተጠባባቂዎቹን ሕዋሳት እንደሚያሟጥጡ አሳይተዋል። ማጨስ፣ የታይሮይድ ሕመምና የቫይታሚን ቢ12 እጥረትም ሽበትን ሊያፋጥኑ ይችላሉ። ቢ12 በተፈጥሮ የሚገኘው ከሥጋ፣ ከወተትና ከእንቁላል ዓይነት ምግቦች ነው፤ ሆኖም ጉበት ለረጅም ጊዜ የሚበቃ ክምችት ስለሚይዝ የጾም ወቅት ብቻውን ፀጉር ያሸብታል ማለት አይቻልም። በሃያዎቹ ዕድሜው ብዙ ሽበት ያየ ሰው ግን ከፀጉር ቤት በፊት ሐኪም ዘንድ ጎራ ቢል ይሻለዋል።

ወደ ቀለሙ እንምጣ። ዘመናዊው የፀጉር ቀለም ከመቶ ዓመት በላይ ዕድሜ አለው። ፈረንሳዊው ኬሚስት ዩጂን ሹዌለር በ1909 ያቋቋመው ድርጅት፣ የዛሬው ሎሬአል፣ ያኔ ስሙ "ጉዳት የማያደርሱ የፀጉር ቀለሞች የፈረንሳይ ኩባንያ" የሚል ነበር። ከስሙ እንደሚታየው ጉዳት ያደርሳል የሚለው ስጋት ያን ጊዜም ነበር። ዘላቂ የሚባለው ቀለም የሚሠራው እንዲህ ነው፦ አሞኒያ ወይም መሰሉ ነገር የፀጉሩን ውጫዊ ልባስ እንደ ዓሣ ቅርፊት ያነሳዋል፤ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ የቀረውን የተፈጥሮ ቀለም ያነጣዋል፤ ወደ ውስጥ የገቡት ጥቃቅን ኬሚካሎችም እዚያው ተዋህደው ይገዝፉና መውጫ ያጣሉ። ታጥቦ የማይለቀው ለዚህ ነው፤ ፀጉሩን የሚያደርቀውና የሚያሳሳውም ይኸው መነሳትና መንጣት ነው። ከፊል ዘላቂው ቀለም በአብዛኛው ላይ ላዩን ስለሚይዝ ከተወሰነ እጥበት በኋላ ይለቃል፤ ጉዳቱም ያነሰ ነው።

በጥቁር ቀለም ውስጥ ዋናው ንጥረ ነገር ብዙ ጊዜ ፓራፌኒሊንዳያሚን፣ በአጭሩ ፒፒዲ፣ የሚባለው ነው። አለርጂ በማስነሳት የታወቀ ነው፤ የአውሮፓ ኅብረት ፀጉር ላይ በሚውለው ቅልቅል ውስጥ ከ2 በመቶ እንዳይበልጥ ገድቦታል። በ1930ዎቹ አሜሪካ ውስጥ ይኸው ንጥረ ነገር ያለበት ላሽ ሉር የተባለ የሽፋሽፍት ቀለም የሰው ዓይን አሳውሯል፤ አገሪቱ በ1938 ያወጣችው የመዋቢያዎች ቁጥጥር ሕግ ከተወለደባቸው ምክንያቶችም አንዱ ሆኗል። የራስ ፀጉር ቀለም ቅንድብና ሽፋሽፍት ላይ አይደረግም የሚባለው ለዚህ ነው።

የፒፒዲ አለርጂ ለዓመታት ያለችግር የተቀባ ሰው ላይም ድንገት ሊነሳ ይችላል። የራስ ቆዳ ማሳከክ፣ ጆሮ ግንድ አካባቢ ሽፍታ፣ የዓይን ቆብ ማበጥ ምልክቶቹ ናቸው። አንዴ ከተነሳ በአብዛኛው ለዕድሜ ልክ ይኖራል፤ "ዛሬ ትንሽ ብቻ" የሚለውም አያዋጣም። ከመቀባት 48 ሰዓት በፊት ጥቂት ቀለም ክንድ ላይ ወይም ከጆሮ ኋላ አድርጎ መሞከር የሚመከረውም በዚህ ምክንያት ነው። እሽጉ ላይ "አሞኒያ የለውም" መባሉ ፒፒዲ የለውም ማለት አይደለም፤ በውሃ የሚበጠበጡ ብዙ የጥቁር ቀለም ዱቄቶች አሞኒያ ባይኖራቸውም ፒፒዲ አላቸው።

ስለ ካንሰር የሚወራው ጠለቅ ብሎ መታየት አለበት። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም የፀጉር ሠሪዎችን ሥራ "ካንሰር ሳያመጣ አይቀርም" በሚለው ምድብ ሲያስቀምጠው፣ ለራሱ የሚቀባውን ሰው ግን ለመመደብ ማስረጃው አይበቃም ብሏል። በ2020 የወጣው፣ 117,200 አሜሪካውያን ነርሶችን ለ36 ዓመት የተከታተለ ጥናት በአብዛኞቹ የካንሰር ዓይነቶች ላይ ከፍ ያለ አደጋ አላገኘም። በ2019 የታተመ ሌላ የአሜሪካ ጥናት ደግሞ ዘላቂ ቀለም በሚጠቀሙ ጥቁር ሴቶች ላይ የጡት ካንሰር 45 በመቶ ከፍ ብሎ እንደታየ፣ በነጮቹ ላይ ግን ልዩነቱ 7 በመቶ እንደነበር ዘግቧል። በዚያ ጥናት የተካተቱት ጥቁር ሴቶች ጥቂት ስለነበሩ ቁጥሩ የመጨረሻ ቃል ተደርጎ አይወሰድም፤ ተጠቃሚዋን ስለ ድግግሞሹ እንድታስብ ለማድረግ ግን ይበቃል። ከካንሰር ውጭ ደግሞ፣ ፀጉሯን በኬሚካል የምታለሰልስ ሴት ማለስለሻውንና ቀለሙን በአንድ ቀን መደራረብ የለባትም፤ ቢያንስ የሁለት ሳምንት ልዩነት ያስፈልጋል።

ሂና የሚመርጡም ብዙ ናቸው። ንጹሕ ሂና ቀለሙን የሚያገኘው ሎውሶን ከተባለ የቅጠሉ ንጥረ ነገር ነው፤ ነጭ ፀጉር ላይ ብርቱካናማ ወይም ቀይ ይሆናል እንጂ ብቻውን ጥቁር አይሆንም። "ጥቁር ሂና" ተብሎ በሚሸጠው ውስጥ ግን ብዙ ጊዜ ፒፒዲ ይገኛል። በሐረርም ሆነ በድሬዳዋ ሽማግሌዎች ጢማቸውን በሂና ሲያቀሉ ማየት የተለመደ ነው፤ በእስልምና ትውፊት ሽበትን መቀባት የተፈቀደ ሆኖ፣ በጥቁር መቀባቱ ግን ዑለማዎችን ሲያከራክር ኖሯል። በመጽሐፈ ምሳሌ ደግሞ ሽበት የክብር ዘውድ ነው።

ይህ ክብር ግን ለሁሉም እኩል አይደርስም። ጎኑና ጎኑ ገብስማ የሆነ ወንድ ለሽምግልና ሲፈለግ፣ በቢሮም ቃሉ ሲከበር፣ በእሱ ዕድሜ ያለች ሴት ግን "ምነው ራስሽን ጣልሽ?" ትባላለች። ታክሲ ውስጥ ረዳቱ "ማዘር፣ እዚህ ይቀመጡ" ሲላት ቦታ ማግኘቷ ደስ ቢላትም፣ መጠሪያው ዕድሜዋን ያስቆጥራታል። በ2022 ካናዳ ውስጥ ሊሳ ላፍላም የተባለች ታዋቂ ዜና አንባቢ ፀጉሯን መቀባት ካቆመች በኋላ ከሥራዋ ስትሰናበት፣ ሽበቷ ምክንያት ነው አይደለም በሚል ትልቅ ክርክር ተነስቶ ነበር፤ ጣቢያው ምክንያቱ ያ አይደለም ብሏል። ስለዚህ ለእንጀራዋ ስትል የምትቀባን ሴት በከንቱ ውበት መውቀስ ፍርደ ገምድልነት ነው።

ለመተው የወሰነ ሰው የሚፈተነው በመሸጋገሪያው ጊዜ ነው። ትከሻ የደረሰ 30 ሴንቲሜትር ፀጉር ሙሉ በሙሉ በተፈጥሮው እስኪተካ ሁለት ዓመት ተኩል ይፈጃል፤ እስከ 6 ሴንቲሜትር ለተቆረጠ ፀጉር ግን ግማሽ ዓመት ይበቃል። መቆረጥ ያልፈለገች ሴት ሹሩባ ስትሠራ የሁለቱ ቀለማት ድንበር ይደበዝዛል፤ በየቦታው ነጣ ያሉ ዘለላዎችን ማስገባትም ድንበሩን ይሰብረዋል። የቆየውን ጥቁር ቀለም በኬሚካል ለማስለቀቅ መሞከር ግን ፀጉሩን ሊበጣጥስ ይችላል።

ከዚህ ሁሉ አንድ ነገር ይወጣል። ሽበት ጥቂት ሲሆን ሥሩ እምብዛም አይታይም፤ እየበዛ ሲሄድ በነጭ ሥርና በጥቁር ጫፍ መካከል ያለው ድንበር ይጎላል፣ ቀጠሮውም ይቀራረባል። ስለዚህ ሽበታቸው ጣል ጣል ያለ ሰዎች ከቻሉ ቢተውት፣ ካልቻሉም ከፊል ዘላቂውን ቢመርጡ ያዋጣቸዋል። ነጩ ያመዘነባቸው ደግሞ ወይ ይተውት፣ ወይ ድፍን ጥቁሩን ትተው ፈካ ያለ ቡናማ ይያዙ፤ ሥሩ ሲወጣ ብዙም አይጎላም። መቀባቱን የሚቀጥሉ ሁሉ ሥሩን ብቻ ይቀቡ፣ ጓንት ያድርጉ፣ አስቀድመው ክንዳቸው ላይ ይሞክሩ። ዓይን ያሳበጠን ቀለም ግን መተው ግዴታ ነው፤ ዳግም መቀባት ሐኪም ቤት ያደርሳል።