ከተማና ከንቲባ፤ ከኮልፌ ቀራንዮ ወገን ሲታይ

ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ የኮሪደር ልማት በሚል ስያሜ የአዲስ አበባን ዐበይት ጎዳናዎች ያሰፋውና ያስጌጠው፣ ነገር ግን በዚያው መጠን ፒያሳንና ካዛንቺስን የመሰሉ ነባር ሰፈሮችን ያፈረሰው ሥራ፣ ከተማን ማስተዳደር ምን ማለት እንደ ሆነ የሚጠይቀውን የቆየ ክርክር እንደ ገና ቀስቅሶታል። ክርክሩ አስፋልቱና መብራቱ ጎልቶ በሚታይበት በመሀል ከተማ ላይ ስለ ተወሰነ፣ ከጦር ኃይሎች ወዲያ በአየር ጤና፣ በቤቴልና በዓለም ባንክ በኩል የተዘረጋው፣ ኔልሰን ማንዴላ በ1954 ዓ.ም. ከፈጥኖ ደራሽ ጦር ዘንድ የውትድርና ትምህርት የቀሰሙበት ኮልፌም የሚገኝበት ምዕራባዊው ክፍል፣ በሐተታው ውስጥ እምብዛም ቦታ አላገኘም። እኔ ግን የአዲስ አበባ ከንቲቦች ሥራ ከዓድዋ መታሰቢያ አደባባይ ይልቅ ከምዕራቡ ክፍለ ከተማ ከኮልፌ ቀራንዮ ጥግ ቢመዘን ሚዛኑ የበለጠ እውነተኛ ይሆናል ከሚሉት ወገን ነኝ።

ይህች ከተማ በ1879 ዓ.ም. ከተቆረቆረች ጀምሮ መከራ ያልጎበኛት መዋዕል ጥቂት ነው። የማገዶና የቤት መሥሪያ እንጨት እጦት ዳግማዊ ምኒልክን መናገሻቸውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር እስከ ማሰብ አድርሷቸው እንደ ነበረ፣ ከተማዪቱንም ከመፍለስ ያዳናት ከባሕር ማዶ የመጣው ባሕር ዛፍ እንደ ሆነ የታወቀ ነው፤ የዚያ ዛፍ ግንድ እስከ ዛሬ በኮልፌ አጣና ተራ ተቆልሎ ይሸጣል። በ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ ሕዝቡን ሲፈጅ ገና በጨቅላነት ላይ የነበረው ማዘጋጃ ቤት አቅሙ አልበቃም፤ ከዚያ መቅሠፍት የተረፈልን በየዓመቱ ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻውን ሰብስቦ የማጠን ልማድ ነው። ከጠላት ወረራ በኋላ ከንቲባነት ከዙፋኑ የሚሰጥ ማዕርግ ሆኖ ቀጠለ፤ ከተሿሚዎቹም መካከል በኦክስፎርድ የተማሩት የታሪክ ሊቅ ደጃዝማች ዘውዴ ገብረ ሥላሴ ይገኙበታል። ሊቅም ይሁን መኳንንት፣ ሹመቱ ከላይ ከመጣ ተጠያቂነቱም ወደ ላይ ብቻ መሆኑ አይቀርም፤ ይህ ነገር ዘመናት ሲለዋወጡ እምብዛም አልተለወጠም።

ስለ ፕላኖቹ ብዙ ማለት አልሻም፤ የጣሊያኖቹ የጉዊዲና የቫሌ፣ የእንግሊዛዊው የአበርክሮምቢ፣ የፈረንሳዊው የደ ማሪየን፣ የሀንጋሪያዊው የፖሎኒ ንድፎች እየተከታተሉ ወጥተዋል። ሌ ኮርቡዚየ እንኳ ከተማዪቱን በዓይኑ ሳያያት በ1928 ዓ.ም. ንድፍ ሥሎላታል። ከእነዚህ ሁሉ በነዋሪው ሕይወት ላይ ጽኑ አሻራ የተወው ወራሪው ጣሊያን ነጭንና ጥቁርን ለመለየት ሲል ገበያውን ወደ ምዕራብ አውጥቶ መርካቶን መመሥረቱ ሲሆን፣ ኮልፌም ከዚያ ወዲህ ከገበያው ጀርባ የሚያድር፣ ማልዶም ወደ ገበያው የሚጎርፍ ሕዝብ መኖሪያ ሆኗል።

የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የሕዝብ ያደረገው የ1967 ዓ.ም. ዐዋጅ ቀበሌን ወለደ፤ ደርግም በዶክተር ዓለሙ አበበ ከንቲባነት ዘመን ቀበሌን ለቤት ኪራይም፣ ለስኳር እደላም፣ ለደም ማፍሰስም ተጠቀመበት። ከዚያ በኋላ በአዲስ አበባ አመራር ታሪክ ውስጥ የመዋቅር ለውጥ ጎልቶ የታየው በ1995 ዓ.ም. ጊዜያዊ አስተዳደሩን በተረከቡት በአቶ አርከበ ዕቁባይ ዘመን ነው። ኮልፌ ቀራንዮን ጨምሮ ዐሥር ክፍለ ከተሞች የተዋቀሩትና የኮንዶሚኒየም ግንባታ የተጀመረው በዚያ ጊዜ ሲሆን፣ ወጣቶች በማኅበር እየተደራጁ ከየቤቱ ቆሻሻ የሚሰበስቡበት ሥርዓትም የተስፋፋው በዚያው ሰሞን ነው። ይሁን እንጂ በግንቦት 1997ቱ ምርጫ ተቃዋሚው ቅንጅት ከ138ቱ የምክር ቤት መቀመጫዎች 137ቱን ሲያሸንፍ፣ ሕዝቡ ለጎዳናና ለሕንፃ ብቻ ብሎ ድምፁን እንደማይሰጥ ታወቀ። በከንቲባነት የተመረጡት ዶክተር ብርሃኑ ነጋ ከመንበሩ ይልቅ ወኅኒ ቤት ገቡ፤ ከተማዪቱም በአቶ ብርሃነ ደሬሳ የሚመራ የባላደራ አስተዳደር ተሾመላት።

ከዚህ ሁሉ ግን የአመራሩን ጉድለት ራቁቱን ያወጣው ቆሼ የተባለው የቆሻሻ መጣያ ነው። ኮልፌ ቀራንዮና ንፋስ ስልክ ላፍቶ በሚዋሰኑበት በረጲ፣ የሥጋ ደዌ ሕሙማን ከተጠለሉበት ከዘነበወርቅ ሆስፒታል አቅራቢያ፣ ከ50 ዓመታት በላይ የከተማዪቱ ጥራጊ ሁሉ ሲከመር ኖሯል። መጀመሪያ ከከተማ ውጭ ነው ተብሎ የተመረጠው ስፍራ ከተማዪቱ እየሰፋች ስትመጣ በሰፈር መካከል ቀረ፤ ከክምሩ ሥር ጎጆ የቀለሱ፣ ከክምሩ ላይ ብረትና ፕላስቲክ ለቅመው ለቁራሌው የሚሸጡ ሰዎችም ኑሯቸውን መሠረቱበት። የለቀሙት ዕቃ ዞሮ ዞሮ የመርካቶው ምናለሽ ተራ ይደርሳል፤ ይህንን ሁሉ ድካም ከከተማው በጀት አንድ ሳንቲም ሳያስወጣ የሚሠራ ሌላ መሥሪያ ቤት መኖሩን አላውቅም።

አስተዳደሩ ቆሼን ለመዝጋት አስቀድሞ መምከሩ ሊካድ አይገባውም። በ2008 ዓ.ም. በሰንዳፋ ዘመናዊ የቆሻሻ መጣያ ተከፍቶ የጭነት መኪናዎቹ ፊታቸውን ወደዚያ አዞሩ። ሰንዳፋ ግን በኦሮሚያ ክልል የሚገኝ ሲሆን፣ ጊዜውም የአዲስ አበባንና የዙሪያዋን ልዩ ዞን የተቀናጀ ማስተር ፕላን በመቃወም ክልሉ የተናወጠበት፣ ፕላኑም በጥር ወር የተሰረዘበት ነበረ። መሬታቸውን ለከተማው ጥራጊ የለቀቁት ገበሬዎች ሽታውንና የውኃቸውን መበከል መታገሥ አቅቷቸው መንገዱን ሲዘጉ፣ ጥቂት ወራት ብቻ ያገለገለው መጣያ ሥራውን አቆመ፤ ቆሻሻውም ወደ ረጲ ተመለሰ። ቅዳሜ መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. በምሽት ክምሩ ተንዶ ከሥሩ የነበሩትን ቤቶች ከነነዋሪዎቻቸው ቀበረ። ከ110 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ። ብሔራዊ ኀዘን ታወጀ፤ አስከሬን ፍለጋው ቀናትን ፈጀ።

ናዳውን ያመጣው ክምሩን የሚደለድለው ዶዘር ነው የሚሉ ነበሩ፤ ለቃሚዎች መቆፈራቸው ነው የሚሉም ነበሩ። እኔ በሁለቱ መካከል ከመፍረድ ይልቅ ከዚያ በፊት የሆነውን እመለከታለሁ። በወቅቱ ከንቲባ የነበሩት አቶ ድሪባ ኩማም ሆኑ ከእርሳቸው በፊትና በኋላ የተሾሙት፣ ወሰኗ በክልል የተከበበ፣ አዲስ የቆሻሻ መጣያ የምትሻበትም ውኃ የምትቀዳበትም ስፍራ በአብዛኛው በሌላው ምድር የሆነ ከተማ መሪዎች ናቸው። እንዲህ ያለው ከንቲባ ከጎረቤቱ ገበሬ ጋር ቀድሞ ካልተስማማና ካሣውን በወቅቱ ካልከፈለ፣ ዘመናዊ መጣያ ቢሠራም ሊጠቀምበት አይችልም፤ በሰንዳፋ የታየውም ይኸው ነው።

ከአደጋው በኋላ ከተረፉት ብዙዎቹ በሌላ ሰፈር ቤት ተሰጣቸው፤ ክምሩንም በጃፓኖች የፉኩኦካ ዘዴ ለማርጋት ሥራ ተጀመረ። በነሐሴ 2010 ዓ.ም. የተመረቀው የረጲ የኃይል ማመንጫ በቀን 1,400 ቶን ቆሻሻ አቃጥሎ ብርሃን እንዲሰጥ የታሰበ፣ በአፍሪካም ፋና ወጊ ተብሎ የተወደሰ ነው። ውዳሴው ባይከፋም፣ ከአንድ ማሽን ብዙ መጠበቅን እፈራለሁ፤ የአዲስ አበባ ቆሻሻ ርጥበት የበዛበት የጓዳ ጥራጊ በመሆኑ ከእሳቱ በፊት በየቤቱ መለየትን ይሻል፤ ይህንንም የሚያደርጉት በየወሩ ከውኃ ቢል ጋር ክፍያ ከሚሰበሰብላቸው ማኅበራት ጋር የሚተባበሩ እናቶች ናቸው።

ስለ ትራንስፖርት በአጭሩ ልበል፦ በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ቀላል ባቡር ወደ ምዕራብ ጦር ኃይሎች ደርሶ ያበቃል፤ ከዚያ ወዲያ ያለው የኮልፌ ሕዝብ ታክሲ ተሰልፎ ይጠብቃል። ወደ ከንቲቦቹ ስመለስ፣ የኮሮና ወረርሽኝ በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ሲገባ ከተማዪቱን በምክትል ከንቲባነት ይመሩ የነበሩት ኢንጂነር ታከለ ኡማ ነበሩ፤ የተማሪዎች ምገባና የሸገር ዳቦ ከዘመናቸው የሚታወሱ ናቸው። በነሐሴ ወር የተኳቸውና በመስከረም 2014 ዓ.ም. ለከንቲባነት የተመረጡት ወይዘሮ አዳነች አቤቤ፣ በዚህ መንበር ላይ የተቀመጡ የመጀመሪያዪቱ ሴት ናቸው። ምገባውን ማስፋፋታቸውን አመሰግናለሁ፤ በኮሪደሩ ሥራ ግን የፍጥነቱን ያህል ተነሺዎች ሐሳባቸውን የሚሰጡበት ጊዜ አልተፈቀደም።

በነሐሴ 2014 ዓ.ም. ከተማዪቱና ኦሮሚያ ወሰናቸውን በስምምነት ከልለዋል፤ በተከታዩ ዓመትም ቡራዩንና ሰበታን ያጠቃለለው የሸገር ከተማ ተመሥርቶ የኮልፌ ቀራንዮ ጎረቤት ሆኗል። ጥራጊው፣ ጎርፉና የመንገዱ መጨናነቅ ወሰን ስለማያውቁ፣ የሁለቱ ከንቲቦች ምክክር የሚመራበት ሕግ ያስፈልጋል፤ ሆኖም ሕገ መንግሥቱ በ1987 ዓ.ም. በአንቀጽ 49 ኦሮሚያ በአዲስ አበባ ላይ ስላላት ልዩ ጥቅም ዝርዝሩ በሕግ ይወሰናል ቢልም፣ በ2009 ዓ.ም. የተረቀቀው ዐዋጅ ከተወካዮች ምክር ቤት ሳይጸድቅ ቀርቷል።