እርጅና በማን ሒሳብ ይመዘገባል?

በ2024ቱ የፓሪስ ኦሊምፒክ ማራቶን ታምራት ቶላ በ2:06:26 የኦሊምፒክ ክብረ ወሰን ሰብሮ ወርቅ ሲወስድ፣ ቀነኒሳ በቀለ 39ኛ ሆኖ ገባ (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ቀነኒሳ 42 ዓመቱ ነበር። ታምራት በበኩሉ መጀመሪያ የተያዘው በተጠባባቂነት ነው፤ የሮጠው ሲሳይ ለማ በጉዳት ቦታውን ስለለቀቀለት ነው። ከውጤቱ በኋላ ቀነኒሳ ለምን ተመረጠ ማለት ቀላል ነው። ይኸው ሰው ግን አራት ወር እንኳ ሳይሞላ ለንደን ላይ በ2:04:15 ሁለተኛ ወጥቶ ነበር።

የስፖርተኛ እርጅና ዋጋ ለማስላት አስቸጋሪ የሚሆነው እዚህ ላይ ነው። ብዙዎቻችን እርጅናን በየዓመቱ ትንሽ ትንሽ የሚቀንስ ፍጥነት አድርገን እናስበዋለን። የቀነኒሳ መዝገብ ግን ሌላ ነገር ያሳያል። በ2017 በርሊን ላይ አቋረጠ። በ2019 እዚያው በርሊን፣ በ37 ዓመቱ፣ 2:01:41 ሮጦ ከዓለም ክብረ ወሰን በ2 ሰከንድ ብቻ ዘገየ። በ2023 ለንደን ላይ አቋረጠ፤ በዓመቱ እዚያው ሁለተኛ ሆነ። ጥሩው ቀን አሁንም አለ፤ የራቀው ከአንዱ ጥሩ ቀን እስከ ሌላው ያለው ጊዜ ነው። በዕድሜ የሚሳሳው ከሁሉ በፊት አስተማማኝነት ነው፤ ገበያ ደግሞ አስተማማኝ ላልሆነ ነገር ዋጋ መቁረጥ ይቸግረዋል።

በአሜሪካው የቅርጫት ኳስ ሊግ በኤንቢኤ፣ አስተማማኝነት ሲሳሳ የሚመጣውን ኪሳራ የሚሸከመው ቡድኑ ነው። ኮቢ ብራያንት በሚያዝያ 2013 የተረከዝ ጅማቱ ተበጠሰ። በዚያው ዓመት ኅዳር፣ በ35 ዓመቱ፣ ቡድኑ ሌከርስ ለሁለት ዓመት 48.5 ሚሊዮን ዶላር ፈረመለት። በውሉ የመጀመሪያ ዓመት ደመወዙ ብቻ ሊጉ ለቡድኑ ከሚፈቅደው የደመወዝ ጣሪያ ከሲሶ በላይ ወሰደ። ከ82 ጨዋታ ሌከርስ ያሸነፈው 21 ነው፤ በቀጣዩ ዓመት 17። በመጨረሻው ጨዋታው ግን ኮቢ 60 ነጥብ አስቆጠረ! ያ ምሽት ለተመልካች የማይረሳ ነው፤ ለቡድኑ ግን ከ17ቱ ድሎች አንዱ ብቻ ነበር።

የኤንቢኤ የክፍያ ሕግ ራሱ ለአንጋፋው ያደላል። እስከ 6 ዓመት ያገለገለ ተጫዋች ከፍተኛው ክፍያ የደመወዝ ጣሪያው 25 በመቶ ነው፤ 10 ዓመት ሲሞላው 35 በመቶ ይደርሳል። ማለትም እግሩ መድከም በሚጀምርበት ሰሞን ዋጋው ይወደዳል። ከዚህ ወጥመድ በብልሃት ያመለጠው የሳን አንቶኒዮው ቲም ደንከን ነው። በዓመት ከ21 ሚሊዮን ዶላር በላይ ይከፈለው የነበረው ሰው ወደ 10 ሚሊዮን ወርዶ ፈረመ፤ ቡድኑም በተረፈው ገንዘብ ሌሎች ተጫዋቾችን ይዞ በ2014 ሻምፒዮን ሆነ። ደንከን ያኔ 38 ዓመቱ ነበር። ከጅምሩም ጨዋታው በዝላይ ላይ ያልቆመ ሰው ስለነበር ዕድሜ የወሰደበት ጥቂት ነው።

አዲስ አበባ፣ መካኒሳ አቦ አካባቢ አንዲት ክፍል በጋራ ተከራይተው የሚኖሩ ወጣት ሯጮች አሉ። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነስተው ለአስፋልት ልምምድ ወደ ሰበታ ይወርዳሉ። ሲመለሱ ሶሉ አንድ ወገን የተበላ ጫማቸውን አጥበው በመስኮቱ ብረት ላይ ይሰቅሉና በስልክ ኤንቢኤ ያያሉ። አንደኛው «ጋሼ፣ ሌብሮን በ40 ዓመቱ እየተጫወተ ነው፤ እኔ ገና 22 ነኝ፣ ምን ያስቸኩለኛል?» አለኝ።

የሚያስቸኩለው የቀን ቁጥር ነው። ሌብሮን በመደበኛው ውድድር ብቻ 82 ጨዋታ አለው፤ አንዱ ምሽት ቢበላሽ ሌላ ይተካዋል፣ ሲደክመውም ያርፋል፤ ደመወዙ አይነካም። ትልቅ የማራቶን ሯጭ ግን በዓመት በደንብ የሚሮጠው ሁለት ጊዜ ያህል ነው። በከፍተኛ ደረጃ ላይ ስድስት ዓመት ቢቆይ የገቢ ቀኖቹ አሥራ ሁለት ናቸው። አንዱን ካቋረጠ የዓመቱ ገቢ ግማሽ ሄደ ማለት ነው። ቦስተን ለአሸናፊው 150 ሺሕ ዶላር፣ ለንደን 55 ሺሕ ይሰጣል፤ ከዚያ ላይ ማናጀሩ ብዙውን ጊዜ 15 በመቶ ይወስዳል፣ የሚሮጥበት አገር ግብር ይቆረጣል፣ ቀሪውም የአበረታች መድኃኒት ምርመራው ውጤት እስኪመጣ ይቆያል። የጫማ ኩባንያ ውል ደግሞ ደረጃው ሲወርድ ወይም በጉዳት ከውድድር ሲርቅ ክፍያውን የሚቀንስ አንቀጽ ሊኖረው ይችላል። ስለዚህ ያ ሌከርስ የተሸከመው ኪሳራ በእኛ ሯጮች ዘንድ ሙሉ በሙሉ በአትሌቱ ትከሻ ላይ ነው። ተጎድቶም ቢሆን የሚሮጠው ለዚህ ነው፤ እኔ በዚህ ሯጩን አልወቅስም።

ኃይሌ ገብረሥላሴ በ35 ዓመቱ፣ በ2008፣ 2:03:59 ሮጦ የራሱን የዓለም ክብረ ወሰን ሲያሻሽል ከሩጫ ውጭ ያለውን ሥራ ጎን ለጎን ይዞ ነበር። የሐዋሳው ሪዞርት በ2010 ሲከፈት ገና እየሮጠ ነበር። ይህ ግን የዓለም ክብረ ወሰን ባለቤት መንገድ ነው፤ በውጭ የጎዳና ውድድሮች አምስተኛና ስምንተኛ እየወጣ ቤተሰብ ለሚያስተዳድረው ሯጭ አይሠራም። ያኛው የሚያስፈልገው ጡረታ ነው። የግል ድርጅት ሠራተኞች ጡረታ ከአሠሪው 11፣ ከሠራተኛው 7 በመቶ እየሰበሰበ በ60 ዓመት ይከፍላል፤ ለዘለቄታ አበል ቢያንስ 10 ዓመት አገልግሎት ይጠይቃል። ክለብ ውስጥ ስድስት ዓመት ደመወዝ በልቶ በ33 ዓመቱ የሚያቆም ሯጭ ለዚህ ስሌት አይመችም።

ክለቦቻችን ሊያደርጉ የሚችሉት ቀላል ነገር አለ፦ አንጋፋውን ሲያቆም ከማሰናበት ይልቅ ወጣቶቹን በልምምድ እንዲመራ በደመወዝ ማቆየት፣ የአገልግሎት ዘመኑም እንዲቆጠር ማድረግ። የአትሌቲክስ ፌዴሬሽኑም ለኦሊምፒክ ሯጭ ሲመርጥ ካለፈው ፈጣን ሰዓት ጎን የቅርብ ጊዜ ውድድሮቹን፣ ያቋረጣቸውንም ጭምር፣ በእኩል ይመዝን። ለመካኒሳው ልጅ ግን ይህ ሁሉ እስኪመጣ መጠበቅ አይገባውም፤ በሚቀጥለው ወር ማናጀሩ ውል ሲያቀርብለት፣ ከመፈረሙ በፊት የክፍያ ቅነሳውን አንቀጽ በአማርኛ ተርጉሞ የሚያነብለት ሰው ይፈልግ።