ውጊያ ያለበት ጨዋታና የእናት ድምፅ

ልጆች ውጊያ ባለበት የቪዲዮ ጨዋታ ሲጠመዱ ወላጆች መቈጣታቸው የታወቀ ነው። ቍጣውም ያለ ምክንያት አይደለም። ነገር ግን ዳኛ ሳይመረምር እንደማይፈርድ ሁሉ፥ ወላጅም «ውጊያ አለበትን?» ብሎ ከመጠየቅ አልፎ «ውጊያው በምን ሥርዓት ይካሄዳል? ልጄንስ ምን ያስለምደዋል?» ብሎ መመርመር ይገባዋል። ለዚህም ከጃፓን አገር የወጣ አንድ ጨዋታ መልካም ምሳሌ ይሆነናል።

የጨዋታው ስም «ማዘር 2» ይባላል፤ ይኸውም «እናት፥ ሁለተኛ ክፍል» ማለት ነው። ደራሲው ማስታወቂያና ድርሰት በመጻፍ የታወቀው ሺጌሳቶ ኢቶይ ሲሆን፥ ያወጣው ኒንቴንዶ የተባለው ኩባንያ ነው። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር የመጀመሪያው ክፍል በ1989፥ ሁለተኛው በ1994 በጃፓን ወጣ፤ በ1995ም ሁለተኛው ክፍል «ኧርዝባውንድ» በሚል ስም ወደ አሜሪካ ተሻገረ። ሥራው ብዙ ጊዜ ተጓትቶ ሊቀር በተቃረበ ጊዜ፥ በኋላ የኒንቴንዶ ፕሬዚዳንት የሆነው ሳቶሩ ኢዋታ ገብቶ ከፍጻሜ እንዲደርስ አደረገ።

ይህ ዓይነት ጨዋታ ተጫዋቹ ባለ ታሪኩን ተክቶ የሚጓዝበት ነው። ባለ ታሪኩም ኔስ የሚባል ልጅ ነው፤ ከእናቱ ቤት ሲወጣ የሚይዘው ሰይፍና ጋሻ ሳይሆን የቤዝቦል መምቻ ዱላ ነው።

በመጀመሪያው ክፍል ጠላት ሳይታይ በድንገት ይደርስ ነበር። በሁለተኛው ግን ከሩቅ ይታያል። ልጁ ከኋላው ቢደርስበት ቀድሞ ይመታዋል፤ ጀርባውን ሰጥቶ ቢገኝ ግን እርሱ ራሱ ይቀደማል። ልጁ እጅግ የበረታ እንደ ሆነ ደካማው ጠላት አይቶት ይሸሻል፤ ቢገናኙም ውጊያው ሳይጀመር ድሉ የልጁ ይሆናል። የተሸነፈ ውሻ ይገራል፤ አእምሮው የታወከ ሰውም ወደ ልቡ ይመለሳል።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀው የሕይወት መቍጠሪያው ነው። ተዋጊው በተመታ ጊዜ ቍጥሩ በአንድ ጊዜ አይጠፋም፤ እንደ መኪና ኪሎ ሜትር መቍጠሪያ እየተሽከረከረ ቀስ በቀስ ይወርዳል። ለምሳሌ 80 የቀረው ልጅ 100 የሚያጠፋ ምት ቢያገኘው ገና አልሞተም። ቍጥሩ ከዜሮ ሳይደርስ ፈጥኖ ቢታከም፥ ወይም ውጊያውን በድል ቢፈጽም ይተርፋል። በዚያች አፍታ እጁን ያጣጠፈ ይወድቃል፤ የተጋ ግን ይድናል።

ደግሞ ኔስ የሚጐዳው በምት ብቻ አይደለም፤ በናፍቆትም ነው። ከቤቱ ርቆ በቈየ ጊዜ እናቱንና ምግቧን እያሰበ በውጊያ መካከል ተራው ሲያልፈው ይታያል። መድኃኒቱም ስልክ ደውሎ የእናቱን ድምፅ መስማት ነው። አባቱ ግን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ፊቱ አይታይም፤ በስልክ ብቻ ይናገራል። ገንዘብ በባንክ ያስቀምጥለታል፥ የደረሰበትንም ይመዘግብለታል፤ ልጁ ብዙ የተጫወተ እንደ ሆነ «ጥቂት ዕረፍ» ብሎ ይመክረዋል።

በመጨረሻው ውጊያ ዱላም ሌላም ኀይል ጠላቱን ሊያጠፋው አይችልም። ፓውላ የምትባለው የኔስ ጓደኛ ትጸልያለች፤ ጸሎቷም በመንገድ ላይ ወዳገኟቸው ሰዎች፥ ወደ ወላጆቿና ወደ ኔስ እናት ይደርሳል። በመጨረሻም ራሱ ተጫዋቹ በስሙ ተጠርቶ ከሚጸልዩት ጋር ይቈጠራል። ድሉም በዚህ ይገኛል።

ከዚህ በኋላ ዳኝነቱ የወላጅ ነው። ጨዋታ ሁሉ እንዲህ ነው አንልም፤ ክፉውን ከልጆች ማራቅ የተገባ ነው። ነገር ግን ለእንጀራ ብሎ ከቤቱ የራቀ፥ ልጁን በድምፁ ብቻ የሚያሳድግ አባት ይህን ጨዋታ ቢያይ፥ የራሱን ነገር በውስጡ ሳያገኝ አይቀርም። እንግዲህ ልጅህ ሲጫወት ባገኘኸው ጊዜ መሣሪያውን ከመንጠቅህ በፊት አጠገቡ ተቀምጠህ «ይህ ቍጥር ምንድር ነው?» ብለህ ጠይቀው። እርሱም ደስ ብሎት ያስረዳሃል፤ አንተም የልጅህን ልብ ለማወቅ መንገድ ታገኛለህ።