የጉልበት ስኩተርና የአርብ ገበያ ዳገት

ቁርጭምጭሚቱ ተሰብሮ በጄሶ የታሰረ ሰው ከሐኪሙ ዘንድ ብዙ ጊዜ አንድ ጥብቅ ትእዛዝ ይቀበላል፤ የተጎዳውን እግር ለተወሰኑ ሳምንታት መሬት እንዳያስረግጥ። ታዲያ እንዴት ይንቀሳቀስ? ለዚህ ጥያቄ ከተገኙት መልሶች አንዱ የጉልበት ስኩተር ነው። መሪና የእጅ ፍሬን ያለው ባለ ሦስት ወይም ባለ አራት ጎማ መሣሪያ ሲሆን፣ ተጠቃሚው የተጎዳውን እግር አጥፎ ጉልበቱን በትራሱ ላይ ያሳርፍና በጤነኛው እግር መሬቱን እየገፋ ይሄዳል። እንደ ክራንች ክንድን አያደክምም። ይሁን እንጂ የሚያገለግለው ከጉልበት በታች ለደረሰ ጉዳት ብቻ ነው።

ይህ መሣሪያ ከውጭ አገር በዘመድ ተልኮ በደቡብ ጎንደር፣ በታች ጋይንት ወረዳ ወደምትገኘው አርብ ገበያ ቢደርስ ምን ያህል ይጠቅማል? አካባቢው ወጣ ገባ የበዛበት ስለሆነ መልሱን ከፊዚክስ መፈለግ ይኖርብናል።

ራዲየሱ 10 ሴንቲሜትር የሆነ ጎማ 5 ሴንቲሜትር ከፍታ ያለው ድንጋይ ፊት ቢቆም፣ በአግድም ገፍቶ ለማሻገር በጎማው ላይ ካረፈው ክብደት 1.7 እጥፍ ያህል ኃይል ይጠይቃል። ራዲየሱ 15 ሴንቲሜትር ቢሆን ግን 1.1 እጥፍ ያህል ይበቃል። በጉዞ ላይ ሲሆን ደግሞ ጎማው በድንጋዩ ተይዞ ሲቆም የተጠቃሚው አካል በነበረው ፍጥነት ወደ ፊት ይወረወራል። በየ100 ሜትሩ 10 ሜትር በሚያቆለቁል መንገድም 70 ኪሎ ግራም የሚመዝን ሰው በ7 ኪሎ ግራም ሸክም ልክ ወደ ታች ይሳባል፤ ይህን ኃይል የሚይዘው ፍሬኑ ብቻ ነው። ገና ያልጠና አጥንት ሁለተኛ ውድቀትን አይችልም።

በመሆኑም ስኩተሩን በቤት ውስጥ፣ በጤና ተቋም ኮሪደርና በሲሚንቶ ግቢ መጠቀም፣ ለድንጋያማው መንገድና ለዳገቱ ግን ክራንች መያዝ ይመረጣል። የክራንቹ ጫፍ በድንጋዮች መካከል የሚያርፍበትን ስፍራ መምረጥ ይቻላልና። የክራንቹ አናት ከብብት ሁለት ወይም ሦስት ጣት ዝቅ ይበል፤ ክብደቱንም እጅ ይሸከም። ብብትን መደገፍ ነርቭን ይጎዳል። ወደ ላይ ሲወጡ ጤነኛው እግር ይቅደም፤ ሲወርዱ ክራንቹና የተጎዳው እግር ይቅደሙ። በጭቃና በቁልቁለት ላይ ሌላ ሰው አጠገብ ቢኖር መልካም ነው።

መሣሪያውም እንክብካቤ ይሻል። ከመንዳታችን በፊት ፍሬኑን ይዘን ስኩተሩን እንግፋው፤ ከተንቀሳቀሰ የፍሬኑ ሽቦ ላልቷል ማለት ነው። የመሪውና የትራሱ ብሎኖች መጥበቃቸውን እንይ፤ በጎማው መዘውር ላይ የተጠመጠመ ክር ወይም ሣር እናውጣ፤ ጭቃውንም ጠርገን እናድርቀው። ብስክሌት የሚጠግን ባለሙያ አብዛኛውን ብልሽት ሊያስተካክለው ይችላል። የክራንች ጫፍ ጎማ አልቆ ከለሰለሰ ይለወጥ፤ የተሰነጠቀ እንጨትም አይደገፉበት።

የእግር ጣቶች ከቀዘቀዙ፣ ከጠቆሩ ወይም ከደነዘዙ፣ በጄሶው ውስጥ ሕመሙ ከበረታ፣ ባት ካበጠ ወይም ትንፋሽ ካጠረ ሳይዘገዩ ወደ ጤና ተቋም መሄድ ያስፈልጋል።

ለአገር ቤት ዘመዱ ስኩተር ለመላክ የሚያስብ ወገንም አስቀድሞ ስለ መንገዱ ይጠይቅ፤ ከላከም ሰፋፊ ጎማ ያለውን ይምረጥ፣ ከእሱም ጋር ጥንድ ክራንች ይጨምር።